ቤት የተሠራ ክላስተር ኔትወርኩ አልሠራ ሲል፦ ከኬብሉ ጀምራችሁ ወደ ላይ ፈትሹ

«ኮምፒውተሮቹን ሰብስቤ፣ ስዊች ላይ ሰክቼ፣ ኡቡንቱ ጭኜ ጨረስኩ። አንዱ ኖድ ግን አይታይም፤ ምን ላድርግ?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ደግሞ «ፒንግ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙን ሳስነሳው ግን እዚያው ደርቆ ይቀራል» ይላል። ጥያቄው መልኩን እየቀያየረ ስለሚመጣብኝ መልሱን አንድ ቦታ ላይ በተርታ ላስቀምጠው።

ክላስተር ማለት በኔትወርክ ተያይዘው አንድን ሥራ የሚካፈሉ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኖድ፣ ኬብሎቻቸውን የሚያገናኘው ሳጥን ስዊች ይባላል። ፒንግ ደግሞ «አለህ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት ነው። መመሪያው ከ3 እስከ 8 ኮምፒውተር ላለው ክላስተር ነው። አሮጌ ዴስክቶፕም ይሁን ራስቤሪ ፓይ ልዩነት የለውም፤ ሊኑክስ ላይ ይሥራ እንጂ። ምሳሌ የማደርገው አንድ ዋና ኖድና 4 ሠራተኛ ኖዶች ያሉትን ነው። ዋናው ኖድ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው። አንዱ ወደ ቤቱ ራውተር ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ክላስተሩ ስዊች። የክላስተሩ አድራሻዎች ከ10.0.0.1 እስከ 10.0.0.5 ናቸው።

ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ትጽፏቸዋላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እንደሚሠራ ያረጋገጣችሁት አንድ ኬብል፣ ካት 5ኢ ወይም ካት 6። ይህን ለፍተሻ ብቻ አስቀምጡት፤ ሥራ ላይ አታውሉት።
- ኪቦርድና ስክሪን። በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በኔትወርክ መግቢያ) ብቻ እየገባችሁ ኔትወርክ አትጠግኑም።
- ኬብሉን ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ ክሪምፐር (ጫፉን ኬብሉ ላይ የሚጨምቅ መቆንጠጫ)፣ ትርፍ ጫፎችና የኬብል ቴስተር።
- የተጫኑ ፕሮግራሞች፦ ኢዝቱል (የኔትወርክ ካርዱን ሁኔታ የሚያሳይ)፣ አይፐርፍ 3 (ፍጥነት የሚለካ) እና ክሮኒ (ሰዓት የሚያስተካክል)። ኢንተርኔት እያለ ቀድማችሁ ጫኗቸው። ኔትወርኩ ከተበላሸ በኋላ ማውረድ አይቻልም።
- ወረቀት፣ እስክሪብቶና ፕላስተር።

ፕላስተሩ ኬብሎቹ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ለመለጠፍ ነው። አምስት ግራጫ ኬብል ጠረጴዛ ሥር ሲጠላለፍ የቱ የየትኛው ኖድ እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ኬብል፣ ከዚያ አይፒ (የኖዱ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር)፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ኤስኤስኤች፣ ከዚያ የጋራ ፎልደር፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ። እያንዳንዱ ከሥሩ ባለው ላይ ስለሚደገፍ ኬብሉ ሳይጣራ ኤምፒአይ (ፕሮግራሙ ኖዶቹ ላይ ተከፋፍሎ ሲሠራ መልእክት የሚያለዋውጠው) ላይ ማፍጠጥ ድካም ብቻ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብሉንም ፖርቱንም አብራችሁ ቀይራችሁ ቢሠራ፣ የቱ እንደነበር አታውቁም። የተበላሸውም ኬብል ተመልሶ ሌላ ኖድ ላይ ይሰካል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአንድን ኖድ የአይፒ ቅንብር በኤስኤስኤች ገብታችሁ አትቀይሩ። ከተሳሳታችሁ ራሳችሁን ውጪ ቆልፋችሁ ትቀራላችሁ። ግድ ከሆነባችሁ ኡቡንቱ ላይ «ኔትፕላን አፕላይ» ሳይሆን «ኔትፕላን ትራይ» በሉ (ኔትፕላን የኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብር ነው)። በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት የድሮውን ቅንብር ራሱ ይመልሳል።

ደረጃ 1፦ የዝምታውን ዓይነት ለዩ

ዋናው ኖድ ላይ ሆናችሁ እያንዳንዱን ኖድ በአይፒ ቁጥሩ ፒንግ አድርጉ። በስሙ አይደለም፤ ስሙ ራሱ ችግር ሊሆን ስለሚችል ገና አናምነውም። ከዚያ ከኖድ 2 ወደ ኖድ 3 እንዲሁ ሞክሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ኤምፒአይ ግን ኖዶቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ይፈልጋል፤ ከዋናው ጋር ብቻ መነጋገራቸው አይበቃውም።

- ሁሉም ዝም ካሉ ጥፋቱ ስዊቹ ወይም ራሱ ዋናው ኖድ ላይ ነው። አራት ኮምፒውተር በአንድ ሌሊት አብሮ አይበላሽም።
- አንዱ ብቻ ዝም ካለ የዚያ ኖድ ኬብል፣ ፖርት ወይም አይፒ ነው።
- አንዴ እየመለሰ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ የላላ ኬብል ወይም ሁለት ኖድ የተካፈሉት አንድ አይፒ ነው።
- ሁሉም እየመለሱ ሥራው አልሄድ ካለ ደረጃ 2 ላይ ፍጥነቱን ብቻ አይታችሁ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

ደረጃ 2፦ ኬብልና መብራት

ስዊቹ ላይ ኬብሉ የገባበትን ፖርት መብራት እዩ። ኖዱ በርቶ የፖርቱ መብራት ጨርሶ ካልበራ ስለ አይፒ ማሰብ ገና ነው። የፍተሻ ኬብላችሁን ሰክታችሁ እዩ። ካልሆነ የድሮውን ኬብል መልሳችሁ ሌላ ፖርት ላይ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ የኖዱ ካርድ ላይ ናችሁ።

መብራቱ በራ ማለት ግን ኬብሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። «አይፒ አድሬስ» ብላችሁ የካርዱን ስም እዩ። አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ስሙ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ከዚያ «ሱዶ ኢዝቱል» ብላችሁ የካርዱን ስም አስከትሉ (ሱዶ «በአስተዳዳሪ ሥልጣን» ማለት ነው)። ስፒድ በሚለው መስመር ላይ 1000 ማየት አለባችሁ። 100 ካያችሁ፣ ካርዱም ስዊቹም ጊጋቢት ከሆኑ፣ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው።

ለምን? የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ከስምንቱ ሽቦዎች አራቱን ብቻ ይጠቀማል፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛውን። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ 4፣ 5፣ 7 ወይም 8ኛው ሽቦ ቢላላ ግንኙነቱ አይቋረጥም። ፍጥነቱ ወደ 100 ይወርድና ምንም ሳይል ይሠራል። ክላስተሩ «ቀርፋፋ» ነው የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌሎቹ ኖዶች ያንን አንዱን እየጠበቁ ይቆማሉ።

ኬብሉን ራሳችሁ ከገጠማችሁት ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ በቅርበት እዩት። ስምንቱም የመዳብ ጫፎች ግልጹ ፕላስቲክ መጨረሻ ድረስ መድረስ አለባቸው። አንዷ አጥራ ከቀረች የወርቃማው ጥርስ ንክሻ አያገኛትም። የኬብሉ የውጭ ልባስም ጫፉ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። ሽቦዎቹ ራቁታቸውን ከታዩ ኬብሉ በተነካ ቁጥር ግንኙነቱ ይቋረጣል።

የቀለሙ ቅደም ተከተል፣ መቆለፊያው ምላስ ከታች ሆኖ ኬብሉ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ «ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ቀለሙ ለውጥ የለውም» ይልና ጥንድ ጥንዱን ዝም ብሎ በተርታ ያስገባል። ርካሹ ቴስተር 1 ለ1፣ 2 ለ2 እያለ አረንጓዴ መብራት ያበራለታል። ኬብሉ ግን ጤነኛ አይደለም። 3ኛውና 6ኛው ሽቦ አብረው የተጠመዘዙ ጥንድ መሆን አለባቸው። ጥምዘዛው ነው አንዱ ጥንድ የሌላውን ሲግናል እንዳይረብሽ የሚከላከለው። ጥንዱ ከተለያየ ፒንግ ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ይንገዳገዳል። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው መድረሱን ብቻ ነው፤ ከማን ጋር እንደተጠመዘዘ አያውቅም።

ጥርጣሬ ካላችሁ «አይፒ ሰረዝ ኤስ ሊንክ» በሉ። ኤረርስ የሚለውን ቁጥር ጻፉት። ትልቅ ፋይል ላኩና እንደገና እዩ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ኬብሉን ቀይሩ፤ ለመጠገን አትልፉ።

የስዊቹ መብራቶች በሙሉ በአንድነት ያለ ዕረፍት በፍጥነት ከተርገበገቡና ሁሉም ኖድ ከሞተ፣ የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ተራ ስዊች ይህን ቀለበት ለይቶ አይዘጋም። መልእክቱ እየተባዛ ይዞርና ኔትወርኩን ያንቀዋል። ትርፉን ኬብል ንቀሉ፤ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋጋል።

ራስቤሪ ፓይ ለምትጠቀሙ፦ ኃይል ሲያንሰው የኔትወርክ ችግር መስሎ ይታያል። ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ኃይል ይፈልጋል። የስልክ ቻርጀር ሥራ እስኪበዛ ድረስ ያታልላችኋል።

ደረጃ 3፦ አይፒ

እያንዳንዱ ኖድ ላይ «አይፒ አድሬስ» በሉ። ከእነዚህ አንዱን ልታገኙ ትችላላችሁ።

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ። ኖዱ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቷል ማለት ነው። ለክላስተር ቋሚ አይፒ ስጡና ተገላገሉ። ኖድ ቁጥሩን በየቀኑ የሚቀይር ከሆነ ሌሎቹ ፋይሎች ሁሉ ትርጉም ያጣሉ። ኔትፕላን ፋይል ውስጥ ስትጽፉ ገባ ማድረጊያው ባዶ ቦታ ብቻ ይሁን። ታብ ከተጠቀማችሁ ፋይሉን አይቀበለውም።

ሁለት ካርድ፣ አንድ ዓይነት አድራሻ። የቤቱ ራውተር 192.168.1 ላይ ከሆነ ክላስተሩንም እዚያው አታድርጉት። ዋናው ኖድ ለኖድ 3 የሚላከውን በየትኛው በር እንደሚያስወጣ ይምታታበታል። ለክላስተሩ 10.0.0 የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ሁለት ኖድ፣ አንድ አይፒ። ምልክቱ ኤስኤስኤች ኖድ 2 ብላችሁ ኖድ 4 ላይ መገኘት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የኖድ 2ን ኬብል ንቀሉና የእሱን አይፒ ፒንግ አድርጉ። መልስ ከመጣ ሌላ ማሽን በስሙ እየመለሰ ነው።

ይህ የመጨረሻው በብዛት የሚመጣው አንዱን ዲስክ ወይም ሚሞሪ ካርድ ለሌሎቹ ኮፒ ያደረጉ ሰዎች ላይ ነው። ኮፒው የማሽኑን መታወቂያ አብሮ ይወስዳል። አዳዲስ ኡቡንቱዎች አይፒ ሲጠይቁ የሚያሳዩት ይህንኑ መታወቂያ ስለሆነ ራውተሩ ሁለቱን እንደ አንድ ማሽን ቆጥሮ አንድ አይፒ ይሰጣቸዋል። በእያንዳንዱ ኮፒ ላይ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ማሽን-አይዲ» ፋይል አጥፉ፣ በሱዶ «ሲስተምዲ-ማሽን-አይዲ-ሴትአፕ» በሉ፣ ሪስታርት አድርጉ። ቋሚ አይፒ ብትሰጡም ይህን አትዝለሉት።

ደረጃ 4፦ ስም

አሁን ፒንግ በስም። ከቁጥሩ ጋር ሠርቶ ከስሙ ጋር ካልሠራ ችግሩ ኢቲሲ ውስጥ ያለው «ሆስትስ» ፋይል ነው። አምስቱንም ስሞች ከነአይፒያቸው አንድ ጊዜ ጻፉና ያንኑ ዝርዝር ሁሉም ማሽን ላይ አድርጉ። አንድ ማሽን ላይ ያለች የፊደል ግድፈት ግማሽ ቀን ትበላለች።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ፒንግ በስሙ እየሠራ ኤምፒአይ ሲደርቅ ነው። ፋይሉን ክፈቱና 127.0.1.1 የሚል መስመር ፈልጉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ሲጫኑ የማሽኑን የራሱን ስም እዚያ ላይ ይጽፉታል። ለአንድ ብቸኛ ኮምፒውተር ምንም አይደለም። ክላስተር ውስጥ ግን ኖድ 3 «እኔ ማነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ 127.0.1.1 ነህ ይባላል። እሱ ደግሞ ያንኑ ለሌሎቹ ይነግራል። በ127 የሚጀምር አድራሻ ለማንም «ራስህ» ማለት ስለሆነ ኖድ 2 ኖድ 3ን ራሱ ውስጥ ይፈልገዋል። ያንን መስመር አጥፉና ስሙን ከ10.0.0 አይፒው ጋር ብቻ አድርጉት። 127.0.0.1 ሎካልሆስት የሚለውን ግን እንዳትነኩት።

ደረጃ 5፦ ኤስኤስኤችና ፋየርዎል

ከዋናው ኖድ ወደ እያንዳንዱ ኖድ ያለ ፓስወርድ መግባት አለባችሁ። ኤምፒአይ ሥራውን የሚያስነሳው በዚህ መንገድ ነው፤ ፓስወርድ ከተጠየቀ የሚመልስለት የለም። ቁልፉን (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባውን ፋይል) በ«ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» አሻግሩ።

አሁንም ፓስወርድ ከጠየቀ ፈቃዶቹን እዩ። ዶት ኤስኤስኤች ፎልደር 700፣ በውስጡ ያለው «ኦቶራይዝድ ኪይስ» ፋይል 600። «ፈቃድ ነው ችግሩ» ብላችሁ 777 አታድርጉት። ኤስኤስኤች ቁልፉን ሌላ ሰው ሊነካው እንደሚችል ካየ ጨርሶ አይቀበለውም።

መጀመሪያ ስትገቡ «ይህን ማሽን ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ኖድ አንድ ጊዜ በእጃችሁ «የስ» በሉ። ያ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረበት ኖድ ሥራው ላይ አይገባም።

ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን) በተመለከተ ኤምፒአይ ፖርት 22ን ብቻ አይጠቀምም። እዚህ ላይ ፖርት የስዊቹ ቀዳዳ ሳይሆን የግንኙነት በር ቁጥር ነው፤ 22 የኤስኤስኤች ነው። ኖዶቹ ሲነጋገሩ ፖርቱን በየጊዜው ይቀያይራሉ። ኤስኤስኤች እየሠራ ፕሮግራሙ ከደረቀ ይህን ጠርጥሩ። መፍትሔው ፋየርዎሉን ማጥፋት አይደለም። በኡቡንቱ የፋየርዎል መቆጣጠሪያ በዩኤፍደብልዩ ከ10.0.0.0/24 (በ10.0.0 ከሚጀምሩት አድራሻዎች) የሚመጣውን ሁሉ ፍቀዱ፤ ወደ ቤቱ ራውተር የሚሄደው ካርድ እንደተጠበቀ ይቆይ።

ደረጃ 6፦ ፍጥነቱን ለኩ

አንዱ ኖድ ላይ «አይፐርፍ 3 ሰረዝ ኤስ» በሉ፤ ሌላው ላይ «አይፐርፍ 3 ሰረዝ ሲ» ብላችሁ የመጀመሪያውን አይፒ አስከትሉ። ጊጋቢት ኔትወርክ ላይ ወደ 940 ሜጋቢት ታያላችሁ። ወደ 94 ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ራስቤሪ ፓይ 3 ቢ ፕላስ ከሆነ 300 አካባቢ ከፍተኛው ነው። ካርዱ በዩኤስቢ 2 በኩል ስለሚያልፍ ከዚያ አይዘልም፤ ኬብል አትቀያይሩ።

ፒንግ እየሠራ፣ ኤስኤስኤችም እየገባ፣ ኬብሉም ደህና ሆኖ፣ ትልቅ ፋይል ስትልኩ ብቻ የሚቆም ከሆነ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ነው። አንዱ ኖድ 9000፣ ሌላው 1500 ተደርጎ ይሆናል፤ ወይም ስዊቹ ትልልቁን ፓኬት አይቀበልም። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጣላል። ሁሉንም 1500 ላይ መልሱ። 9000 ለትንሽ ክላስተር የሚያመጣው ትርፍ ለዚህ ሁሉ ራስ ምታት አይበቃም።

ደረጃ 7፦ የጋራ ፎልደር

ኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትወርክ የሚያጋራው) ላይ ያለ ፎልደር ሲከፈት ተርሚናሉ ከደረቀ ዋናው ኖድ መነሳቱንና ፖርት 2049 መከፈቱን እዩ። ፎልደሩ ተከፍቶ መጻፍ ከከለከለ የተጠቃሚው ቁጥር ነው። ኤንኤፍኤስ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ ኖድ ላይ «አይዲ» በሉና ቁጥሩ አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ኤምፒአይ

የራሳችሁን ፕሮግራም አታስነሱ። በ«ኤምፒአይራን» «ሆስትኔም» የምትለዋን ትንሽ ትዕዛዝ በሁሉም ኖድ ላይ አስነሱ። አምስቱም ስማቸውን ከመለሱ ማስነሻው ደህና ነው። ሆስትኔም ግን ኖዶቹን እርስ በርስ አያነጋግርም። ስለዚህ ቀጥሎ መልእክት የሚለዋወጥ አጭር የሙከራ ፕሮግራም አስነሱ።

ይኼኛው ላይ ከደረቀ ኖዶቹ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያስነሳ) ተጭኖ እንደሆነ እዩ። ዶከር በየማሽኑ ላይ 172.17.0.1 የሚል የውስጥ አድራሻ ይፈጥራል። ኦፕን ኤምፒአይ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ኔትወርክ ሲያይ በዚያ በኩል የሚገናኙ ይመስለዋል። አይገናኙም። በክላስተሩ መስመር ብቻ እንዲሄድ «ቢቲኤል ቲሲፒ ኢፍ ኢንክሉድ» ለሚለው ቅንብር 10.0.0.0/24 ስጡት፤ ቃላቱ በታችኛ ሰረዝ የተያያዙ ናቸው። የካርድ ስም አትስጡት፤ ስሙ ከማሽን ማሽን ይለያያል ብያችኋለሁ። ላፕቶፕ ኖድ ካደረጋችሁ ዋይፋዩም ይህንኑ ያደርጋል።

ደረጃ 9፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ

ትናንት ይሠራ የነበረ ክላስተር መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከተረበሸ ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛው ሰዓት ነው። «ዴት» በሉና አምስቱንም አወዳድሩ። የአሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ባትሪ ከሞተ ማሽኑ ሲነሳ የዛሬ ስንት ዓመት ቀን ይዞ ይነሳል። ራስቤሪ ፓይ እስከ 4ኛው ድረስ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ጭራሽ የለውም። ስለርም (ሥራዎችን ለኖዶቹ የሚያከፋፍል ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሥራ ያስቆማል። የስለርም ማረጋገጫ ሙንጅ የሚሰጠው ፈቃድ 5 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ሰዓቱ ከዚያ በላይ የተዛነፈ ኖድ ይባረራል። ዋናው ኖድ ላይ ክሮኒን የሰዓት ሰጪ አድርጉ፤ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ። የሞተውን ባትሪም ቀይሩ፤ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ስዊቹ ቀድሞ፣ ዋናው ኖድ ቀጥሎ፣ ሠራተኞቹ በመጨረሻ ይነሱ። ሁሉም እኩል ሲነሱ ሠራተኞቹ ገና ያልተነሳ የጋራ ፎልደር ይፈልጉና ያለ እሱ ይቀራሉ። ለኤንኤፍኤሱ «ኖፌል» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ፤ ፎልደሩ ባይገኝም ኖዱ መነሳቱን ይጨርሳል። ዋናው ከተነሳ በኋላ በሱዶ «ማውንት ሰረዝ ኤ» ብትሉ ይያያዛል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- አንድ ኖድ አልታይ ስላለ ብቻ ኡቡንቱን እንደገና መጫን። የተቆረጠ ሽቦ በአዲስ ኡቡንቱ አይቀጠልም።
- ሌላ አሮጌ ራውተር እንደ ስዊች ስዊቹ ላይ መሰካት። ራውተሩ የራሱን አይፒ ማደል ይጀምራል። መጠቀም ካማራችሁ መጀመሪያ ዲኤችሲፒውን (አይፒ የሚያድለውን) አጥፉና በላን ፖርቶቹ ብቻ ስኩት።
- ዴስክቶፕ ኡቡንቱ ጭኖ የእንቅልፍ ቅንብሩን መርሳት። ኖዱ ማታ ይተኛል፤ ጠዋት «ኔትወርኩ ተቋረጠ» ይባላል።
- ስዊች ሲገዙ «ጊጋቢት» የሚለውን ሳያነቡ መክፈል። ካርቶኑ ላይ 10/100 ብቻ ካለ ፍጥነቱ ከ100 አያልፍም። 10/100/1000 የሚል ፈልጉ።
- የሠራውን ቅንብር አለመጻፍ። የየኖዱን ስም፣ አይፒና የስዊች ፖርት ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ስዊቹ ላይ ለጥፉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ካስቀመጣችሁት በምትፈልጉት ሰዓት አይከፈትላችሁም።